አሥራ ሰባተኛው ክምር

ደራሲውን ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብዬ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሻንጣውን ጫንኩለት፤ በሩን ከፈትኩለት፤ "እንኳን ደህና መጡ" አልኩት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ "ሴትዮዋ ከመጀመሪያውም ነገር ፍለጋ ነው የወጣችው" እንዳልባል ነው። ነገር አልፈለግሁም። ነገር ራሱ በሁለት እግሩ መጥቶ ከጎኔ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ሥራዬ ሹፌርነት ነው። በረሃ ለማየት የሚመጡ እንግዶችን አዞራለሁ። ድሮ እንግዶቻችን ወፍ የሚቆጥሩና ድንጋይ የሚመረምሩ ሰዎች ነበሩ፤ ላለፉት ስምንት ዓመታት ግን አብዛኞቹ የዚህ ሰውዬ አንባቢዎች ናቸው። ደራሲው አምስት የወንጀል ልቦለዶች ጽፏል፤ አምስቱም የሚፈጸሙት እኛ በረሃ ውስጥ ነው። አንድ መርማሪ በአምስቱም ውስጥ ይመላለሳል። አንገቱ ላይ ሰማያዊ ሻርፕ ይጠመጥማል፣ ብዙ ያስባል፣ ውሃ ሲጠጣ ግን አንድም ገጽ ላይ አልታየም። ድርጅታችን ጉዞውን "በመርማሪው ዱካ" ብሎ ሰይሞታል። አንባቢዎቹ ሰማያዊ ሻርፕ ጠምጥመው ይመጣሉ፤ እኔ ሬሳ የተገኘበትን፣ ቢላዋ የተቀበረበትን፣ ደብዳቤ የተቃጠለበትን እያዞርኩ አሳያለሁ። ማንም ያልሞተበትን ቦታ "እዚህ ሞተ" ማለት መተዳደሪያዬ ነው።

እንዲያውም በመጀመሪያው መጽሐፍ ሬሳ የተገኘበት የአሸዋ ኮረብታ አሁን የለም። ነበረ፤ ሄደ። ነፋስ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየገፋ ወስዶታል። ስለዚህ ለመንገዱ የቀረበኝን ኮረብታ አይቼ "ይኸውላችሁ" እላለሁ። ሰዉ ኮፍያውን አውልቆ ዝም ይላል። አንዳንዱማ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። በወረቀት ለሞተ ሰው እንባ ሞልቷል፤ በቁሙ ለሚገደለው ለአባቴ ግን ያለቀሰ አንድም አላየሁም።

አባቴ ለሠላሳ አምስት ዓመት የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ምልክት ጠባቂ ነው። ጡረታው ካለፈ ቆይቷል፤ የሚተካው ስላልተገኘ ግን አልለቀቁትም። ከከተማችን እስከ ውሃ ጉድጓዶቹ ድረስ ያለው መንገድ አስፋልት የለውም። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የጎማ ዱካ ይጠፋል፤ ስልክም ከሦስተኛው ኪሎሜትር በኋላ አይሠራም። ስለዚህ በየአራት ኪሎሜትሩ ወገብ የሚደርስ የድንጋይ ክምር አለ፤ አናቱ ላይ አንድ ረጅም ጠፍጣፋ ድንጋይ ይተኛል፤ ጫፉ ነጭ ተቀብቷል። አመልካች እንለዋለን። ሹፌር ጫፉ ወደ ጠቆመበት ይነዳል፣ በቃ፤ ክርክር የለም። ሃያ ስድስት ክምሮች አሉ። አሥራ ሰባተኛው ላይ መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፋል። ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ የሄደ ሰው ጨው ሜዳው ውስጥ ይገባል። የጨው ሜዳው ላዩ የደረቀ ዳቦ ነው፣ ሥሩ ጭቃ። ጋሪ ይሸከማል፤ መኪና ይውጣል።

አመልካች ከቦታው ከተነቃነቀ የሚቃናበት ወግ አለው። አንዱ ድንጋዩ ዘንድ ይንበረከካል፤ ሌላው መንገዱ በሚሄድበት በኩል አንድ ኪሎሜትር ርቆ ነጭ ጨርቅ ዘርግቶ ይቆማል። የተንበረከከው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በድንጋዩ ጀርባ ላይ እያየ፣ ጫፉ ጨርቁ ላይ እስኪገጥም ድረስ በትከሻው ይገፋል። ከዚያ ሁለቱም መዝገብ ላይ ይፈርማሉ። የትምህርት ቤት ዕረፍቴን በሙሉ ጨርቅ ዘርግቼ ፀሐይ ላይ በመቆም ነው ያሳለፍኩት። አባባም የግራ እጁን አንድ ጣት ያጣው ከነዚህ ድንጋዮች በአንዱ ሥር ነው።

ደራሲው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ቤታችን መጣ። ያኔ ማንም አያውቀውም ነበር፤ ፀጉሩ መሳሳት የጀመረ፣ ጫማው ለበረሃ የማይሆን፣ ደብተር የታቀፈ ሰው ነበር። እናቴ በሕይወት ነበረች፤ አልጋዋን ለቅቃለት ወለል ላይ ተኛች። ሦስት ሳምንት ሙሉ አባባ ይዞት ዞረ። አባባ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ግን በሕይወቱ እንዲህ አፍ አፉን እያየ የሚያዳምጠው ሰው አግኝቶ አያውቅም። ስለ ነፋሱ፣ ስለ ጨዉ፣ ስለ ድንጋዩ፣ ያለውን ሁሉ ዘረገፈለት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይሉ የለ? የአንዱ ራስ ሲመለጥ የሌላው አፍ እያመለጠ ሦስቱ ሳምንት አለፈ።

ሁለተኛው መጽሐፍ ሲወጣ የአባባ ዓይን ለንባብ ደክሞ ስለነበር እኔ አነበብኩለት። በየቀኑ ከምሳ በኋላ አንድ ምዕራፍ። ደስታችን ልክ አልነበረውም። መስኮታችን አለ። እናቴ የጠቀመችው መጋረጃ አለ። ምልክት የሚጠብቅ ደግ ሽማግሌ አለ፤ ግራ እጁ ላይ አንድ ጣት ይጎድለዋል። "ይሄማ እኔ ነኝ!" ብሎ አባባ እንደ ሕፃን ሳቀ። እኔ ግን መታገሥ አቅቶኝ ወጥ ቤት ገብቼ መጨረሻውን አየሁት። ገዳዩ እሱ ነው። አሥራ ሰባተኛውን አመልካች ወደ ጨው ሜዳው እያዞረ ሦስት ሰው የጨረሰው፣ ደራሲው "ዘጠኝ ጣት" ብሎ ስም ያወጣለት፣ አባቴ ነው።

ዋሸሁ። የመጨረሻውን ምዕራፍ መጽሐፉን ፊቴ ዘርግቼ ከራሴ ፈጥሬ አነበብኩለት፤ ገዳዩን ጨው ነጋዴ አደረግሁት። አባባም "ጠርጥሬው ነበር" አለ። ሳምንት ሳይሞላው ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄዶ ጢሙን ግማሽ ብቻ ተላጭቶ ተመለሰ። ለካስ ፀጉር አስተካካዩ መጽሐፉን አንብቦታል፤ ምላጩን አንገቱ ላይ እንደያዘ "ዛሬ መፍራት ያለበት ማነው፣ እኔ ነኝ አንተ?" ብሎ ቀልዶበታል። አባባ የቀረውን ጢሙን ራሱ ላጨ፤ ስለ መጽሐፉም ከዚያ ወዲህ አንስቶ አያውቅም። ከተማው ግን ያነሳል። ልጆች "ዘጠኝ ጣት መጣ!" እያሉ ከፊቱ ይሮጣሉ። ትልልቆቹ አይሮጡም፤ ይስቃሉ። ቀልድ ነው ይላሉ። ቀልድ ከሆነ ታዲያ አባቴ አንድ ቀን እንኳ እንዴት ሳይስቅ ቀረ?

እኔስ? እኔ የአንባቢዎቹን መኪና መንዳት ጀመርኩ። ሌላ ሥራ አልነበረም ብል እውነት ነው፤ አላሳፈረኝም ብል ግን ውሸት ነው። አሥራ ሰባተኛው ክምር የጉዞው ቁንጮ ነው፤ እዚያ የደረሰ አንባቢ ሁሉ ድንጋዩን ማዞር ያምረዋል። "አንዴ ብቻ፣ ለፎቶ!" ይላሉ። ድርጅታችን ፈቃድ ያገኘው ምልክት እንደማይነካ በጽሑፍ ቃል ገብቶ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው። ግን እንግዳ ሲከፋው አለቃዬ የሚቆጣው እኔን ነው፤ እንግዳ ሲደሰት ደግሞ ጉርሻ አለ። ፊቴን አዞራለሁ፤ እነሱም ድንጋዩን ያዞራሉ። ከዚያ መኪናው ውስጥ ሲገቡ እኔ በዓይኔ ገምቼ እመልሰዋለሁ። ያለ ጨርቅ፣ ያለ ሁለተኛ ሰው። ስምንት ዓመት እንዲህ አደረግሁ።

ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ አቧራ ተነሳ። እንግዶቼ ፀሐይ ስትጠልቅ ከድንኳን ሰፈሩ ሆነው ለማየት ቸኩለው ነበር፤ እኔም ቸኮልኩ። አመልካቹን በእግሬ ገፋ አድርጌ "ይሄው ነው" ብዬ ሄድኩ። በማግስቱ ጠዋት ለጉድጓዶቹ ሞተር ናፍጣ የጫነ ቦቴ አሥራ ሰባተኛው ዘንድ ደረሰ፤ አቧራው አልበረደም። ሹፌሩ ድንጋዩን አመነ። ሁለት ኪሎሜትር ሄዶ ቦቴው እስከ ወገቡ ሰጠመ። ሁለት ቀን የራዲያተር ውሃ እየጠጣ ቆየ። አሥር ሺህ ሊትር ፈሳሽ ጀርባው ላይ ተሸክሞ አንድ ጉንጭ ውሃ አጣ። ሲያገኙት መናገር አይችልም ነበር፤ ኩላሊቱ ተጎድቷል።

መሥሪያ ቤቱ ጥፋተኛ ፈለገ። አስጎብኚ ድርጅቱን አይነኩትም፤ ባለቤቱ የሚያውቃቸው ሰዎች አሉት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነውና አባቴን ከሥራ አገዱት። የደረሰው ደብዳቤ "አመልካቹን ሆን ብለው ወይም በቸልተኝነት" ይላል። ቸልተኝነቱ ይሁን፤ "ሆን ብለው" ከየት መጣ? ሠላሳ አምስት ዓመት አንድ መኪና ያልጠፋበትን ሰው "ሆን ብለህ" የሚል ማነው? እኔ ልንገራችሁ ከየት እንደመጣ፤ ደብዳቤውን በጻፈው በመሥሪያ ቤቱ ኢንጂነር መደርደሪያ ላይ አምስቱም መጻሕፍት በተርታ ቆመዋል።

ያኔ "እኔ ነኝ" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ፈራሁ። ፈቃዴን ይወስዱታል፣ ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ፤ የአባቴን ዓይንም ፈራሁ። ያኔ ነው ደራሲው ከአንባቢዎቹ ጋር እንደሚመጣ የሰማሁት። አርብ አባባ ይጠየቃል፤ ደራሲው ሐሙስ ይደርሳል። "ድንጋዩን የሚያዞሩት አንባቢዎቼ ናቸው፣ ሐሳቡም የኔ ፈጠራ ነው" ብሎ አንድ ቃል ቢናገር አባባም ይድናል፣ እኔም እድናለሁ ብዬ አሰብኩ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው። አውቃለሁ።

ሐሙስ ዕለት ስድስት አንባቢዎችና ደራሲውን ይዤ አሥራ ሰባተኛው ዘንድ ቆምኩ። ደራሲው ወርዶ እጁን ዘረጋ፤ "ወዳጆቼ፣ ሁሉም የተጀመረው እዚህ ነው" አለ። አንባቢዎቹ ስልካቸውን አነሱ። ከዚያ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት፣ አመልካቹን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ጨው ሜዳው አዞረው። ጭብጨባ ሆነ።

"ይመልሱት" አልኩ።

"ምን አልሽኝ እህቴ?"

"ድንጋዩን ይመልሱት። በዚህ መንገድ ሰው ይሄዳል።"

ሳቅ ብሎ መለሰው። ጫፉን የት አደረገው መሰላችሁ? ወደ ቀኝ! መጽሐፉ ውስጥ መንገዱ ወደ ቀኝ ነው የሚታጠፈው። ሦስት ሳምንት አባቴ እዚህ አንበርክኮት አሳይቶታል፤ እሱ የሚያስታውሰው የራሱን መጽሐፍ ነው። ደሜ ፈላ።

"በዚያ በኩል ምን አለ?" አልኩት።

"ጉድጓዶቹ ናቸዋ።"

"በዚያ በኩል ምንም የለም! ሰባ ኪሎሜትር አሸዋ ነው ያለው!"

አንዱ አንባቢ "ካርታው ላይ ግን..." ብሎ የመጽሐፉን የመጀመሪያ ገጽ ገለጠ። የልቦለድ ካርታ ይዞ በረሃ የሚገባ ሰው አለ፤ ያውም ፊቴ ቆሟል። በመሀል ፀጉሯ የሸበተ አንዲት አንባቢ፣ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት መሰለኝ፣ ጠጋ ብላ "ታዲያ በትክክል የሚቃናው እንዴት ነው?" አለችኝ። በስምንት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ የመጀመሪያዋ ሰው ናት። ነገርኳት። ከመኪናው ያወጣሁትን ነጭ ጨርቅ ተቀብላኝ ጃንጥላዋን እንደ ምርኩዝ ይዛ አንድ ኪሎሜትር በእግሯ ሄደች። ሌሎቹ ሙቀቱን እየረገሙ መኪናው ጥላ ሥር ገቡ። እኔ ተንበርክኬ በድንጋዩ ጀርባ ላይ አየሁ፤ ነጩ ጨርቅ ከሩቅ ብልጭ ሲል ትከሻዬን አስጠግቼ ገፋሁ። ጫፉ ገጠመ። ከልጅነቴ ወዲህ እንዲህ አድርጌ አላውቅም ነበር። መምህርቷ ስትመለስ ፊቷ ቀልቷል፤ "ወገቤ ተቆረጠ እንጂ ደስ ይላል" ብላ ውሃ ጠጣች።

ደራሲውን ለብቻው ያዝኩት። ስለ ቦቴው፣ ስለ እገዳው፣ ስለ ነገው ጥያቄ ነገርኩት። ስለ ማክሰኞው አልነገርኩትም። እጄን ያዘኝ። "አባትሽ ባለውለታዬ ናቸው፤ እመጣለሁ፤ እናገራለሁ" አለኝ። ዓይኑ ረጥቦ ነበር። አመንኩት።

አርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መሥሪያ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ወጣን። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ጠረጴዛው አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን ተደግፏል፤ ግድግዳው ላይ የመንገዱ ካርታ ሃያ ስድስት ባለቀለም መርፌ ተሰክቶበታል። ኢንጂነሩ መሀል ተቀመጠ፤ ጸሐፊዋ ከጎኑ። የቦቴው ሹፌር በር አጠገብ ነበር፤ ሸሚዙ ሰፍቶታል፤ የውሃ ጠርሙሱን ከእጁ አያወርድም። አባባ የሥራ ጃኬቱን ተኩሶ ለብሷል፤ የመሥሪያ ቤቱን ባጅ ስለነጠቁት ደረቱ ላይ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል።

ደራሲው ደብተሩን ይዞ ገባ። ኢንጂነሩ ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበለው። ለአባቴ አልተነሳም።

"መቼም የርስዎ አንባቢ ነኝ" አለ ኢንጂነሩ። "ሁለተኛውን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እንግዲህ እንደሚባለው አንባቢዎች ድንጋዩን ያዞራሉ? ያዩት ነገር አለ?"

ደራሲው ጉሮሮውን ጠረገ። "ልቦለድ ልቦለድ ነው" አለ። "አንባቢ ለሚሠራው ሥራ ደራሲ እንዴት ይጠየቃል? ቢላዋ የቀጠቀጠ አንጥረኛ ለተወጋው ሰው ይታሰራል? ደግሞስ የኔ አንባቢዎች የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ መንገድ አበላሹ ማለት ይከብደኛል።"

"ትናንት ራስዎ አልነበሩም ያዞሩት?" ብዬ ተነሳሁ።

"መልሼዋለሁ እኮ!"

"ወዴት?"

"እህት፣ ይቀመጡ" አለኝ ኢንጂነሩ። "ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅዎት" ብሎ ወደ ደራሲው ዞረ፤ ፊቱ በአንባቢነት በራ። "ያ የድንጋዩ ሐሳብ... እንዴት መጣልዎት?"

"እሱማ ከሳቸው ነው!" አለ ደራሲው፤ ወደ አባቴ በፍቅር እያመለከተ። "አንድ ቀን እዚያው ክምር ሥር ሻይ እየጠጣን፣ 'ይህን ድንጋይ አንድ ክንድ ያዞረ ሰው ነፍስ ያጠፋል፤ ማንም አያውቅበትም' አሉኝ። መጽሐፉ የተወለደው ያን ቀን ነው። ሊቅ ናቸው እኮ!"

ማሞገሱ ነበር። ጸሐፊዋ ቃል በቃል ጻፈችው። ኢንጂነሩ እስክሪብቶውን አስቀምጦ አባቴን አየው።

"ይህን ብለዋል?"

"ብያለሁ" አለ አባባ።

"ለምን ይላሉ?"

"በሁለት ሰው የምናቃናው ለዚህ ነው ብዬ ነው። አንዱ ቢሳሳት፣ አንዱ ቢከፋ፣ ሌላው እንዲያይ። ቀጥዬ ነግሬዋለሁ። አልጻፈውም?"

ደራሲው ትንሽ አፈረ። "ለታሪኩ አልተመቸኝም" አለ።

ለታሪኩ አልተመቸውም! አንድ ዓረፍተ ነገር ቆርጦ ጥሎ አባቴን ነፍሰ ገዳይ አደረገው፤ የቆረጠው ደግሞ አባቴን ሰው ያደረገውን ነው። ያን ጊዜ ያንን ደብተር ነጥቄ በመስኮት ብወረውረው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ኢንጂነሩ ንግግሩን ቀጠለ።

"ሰኞ ፈትሸው ፈርመዋል። ከረዳትዎ ጋር፤ እሱ ልክ ነው። ረቡዕ ጠዋት መኪናው ጠፋ። በመሀል ድንጋዩን የነካ ሰው ያውቃሉ?"

አባባ እጆቹን አየ። ወደ እኔ አልዞረም። ባለመዞሩ ገባኝ። ማክሰኞ የኔ የጉዞ ቀን ነው፤ ያን ዕለት ጠዋት የመኪናዬን የውሃ ጀሪካኖች ሞልቶ የጫነልኝ እሱ ነው። ወር ሙሉ ያውቅ ነበር። ወር ሙሉ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ ያውቅ ነበር።

"ማንም አልነካውም" አለ። "ዓይኔ ደክሟል። ሰኞ አጥምሜ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጻፉ።"

ንዴቴን ሁሉ በደራሲው ላይ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ገና አልጀመርኩም። በአባቴ ተናደድኩ። በሕይወቱ አንዲት ውሸት ያልተናገረ ሰው ለኔ ሲል እንዴት ይዋሻል? ከአባቴ ይበልጥ ግን በራሴ ተናደድኩ። ደራሲው በወረቀት አንዴ ገደለው፤ እኔ ግን ወንበር ላይ ተቀምጬ ሁለተኛ ሲሞት እያየሁ ነበር።

"ይዋሻል!" ብዬ ጮህኩ። "ማክሰኞ እኔ ነበርኩ። እንግዶቼ አዞሩት፤ እኔ በእግሬ ገፍቼ ሄድኩ። ያለ ጨርቅ። ብቻዬን። ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሳደርግ ኖሬያለሁ። ምልክት አይነካም ብዬ የፈረምኩትም እኔ ነኝ፤ ወረቀቱ እዚሁ ቢሮ አለ፣ አውጡትና እዩት።"

ጸሐፊዋ መጻፍ አቆመች። አባባ ዓይኑን ጨፈነ።

ከበሩ አጠገብ የቦቴው ሹፌር ተነሳ። እኔን ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመታኝም አልከላከልም ነበር። እሱ ግን አልፎኝ አባቴ ፊት ቆመ። "አባቴ፣ እዚያ ጭቃ ውስጥ ሁለት ቀን ሙሉ እርስዎን ስረግም ነበር" አለው። ድምፁ ገና አልዳነም። "የመጽሐፉን ወሬ ሰምቼ ነበርና፣ አውቀው ነው ያደረጉት ብዬ አመንኩ። ይቅር ይበሉኝ።"

አባባ እጁን ያዘው። ሹፌሩ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "አንቺን ግን ይቅር አልልሽም" አለኝ። "እሺ" አልኩት።

ኢንጂነሩ ፈጠን ብሎ ጨረሰ፤ ያፈረ ሰው ሥራ ያፋጥናል። የአባቴ እገዳ ተነሳ። የኔ የመንገድ ፈቃድ እዚያው ተወሰደ፤ ለፖሊስም ይጻፋል አለ። ይጻፍ። ባጁን ከመሳቢያ አውጥቶ ለአባባ ዘረጋለት፤ አባባ ተቀብሎ ኪሱ ውስጥ ከተተው እንጂ ደረቱ ላይ አልሰካውም። ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ያዘ። ይዞኝ ይሁን ተደግፎኝ አላወቅሁም። ይቅርታ ገና አልጠየቅሁትም።

ደራሲው ደረጃው ግርጌ እየጠበቀን ነበር። ደብተሩ ተከፍቷል፤ እየጻፈ ነበር። ፊቱ ላይ እፍረት የለም፤ እንዲያውም ደስታ አለ። "እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም" አለኝ። "አባት ለልጁ፣ ልጅ ለአባቷ... ከፈቀዳችሁልኝ ስድስተኛው መጽሐፍ..."

"ዝጋው" አልኩት። እርስዎ ማለቱ ከአፌ ወጥቶ ጠፍቷል። "ደብተሩን ዝጋው!"

አባባ በእጁ ገታኝ። ደራሲውን እንደ ድሮ እንግዳው በረጋ ዓይን አየው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስለዚያ መጽሐፍ ትንፍሽ ያላለ ሰው፣ ያን ቀን መሥሪያ ቤቱ በር ላይ፣ ሰው እየወጣ እየገባ፣ ጠየቀው።

"ልጄ፣ ቤቴ በልተሃል፣ ጠጥተሃል። አልጠላሁህም። አንድ ነገር ብቻ ልወቅ። ነፍሰ ገዳይ ሲያስፈልግህ ለምን እኔን መረጥክ?"

ደራሲው በጥያቄው ደስ አለው። ብዙ ቦታ ተጠይቆ ብዙ ቦታ የመለሰው ጥያቄ መሆኑ ያስታውቃል። "አባቴ፣ ቅር አይበልዎት፤ ይሄ እኮ ምስጋና ነው" አለ። "ጥሩ የወንጀል ታሪክ ውስጥ ገዳዩ ማንም የማይጠረጥረው ሰው መሆን አለበት። ከተማውን ሁሉ አየሁ፣ ነጋዴውን፣ ፖሊሱን፣ ሹፌሩን። ከርስዎ የበለጠ ማንም የማይጠረጥረው ሰው አላገኘሁም።"

አባባ ራሱን ነቀነቀ። የቆየ ሒሳብ ተፈትቶ ያየ መሰለ።

"ልክ ነህ" አለው። "መጽሐፍህ እስኪወጣ ድረስ፣ ሃምሳ ሰባት ዓመት ማንም ጠርጥሮኝ አያውቅም ነበር።"